የቤንጋል ድመት ባሕርይና ጠባይ

በመልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው የቤንጋልን ድመት ከዱር ተይዛ የመጣች የነብር ግልገል ናት ቢል አይፈረድበትም፤ ወርቅማ በሆነው አጭርና ልስልስ ጠጕሯ ላይ መካከሉ ፈካ፥ ጠርዙ ጠቆር ያለ ክብ ክብ ነቍጥ ተበትኖ ይታያልና። ይህ ልብስ ከዱር ዘመዷ የወረደላት ርስት ሲሆን ጠባይዋን ግን የሰው ልጅ በብዙ ድካምና ምርጫ፥ ትውልድን በትውልድ ላይ እየደራረበ አበጅቶታል። ስለዚህ ጠባይዋን ለማወቅ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ጥንተ ትውልዷን ሊመረምር ይገባዋል።

የዱር ወላጇ ከሕንድ አንሥቶ እስከ ምሥራቅ እስያ በተዘረጋው ደን ውስጥ የሚኖር፥ በግዝፈቱ ከቤት ድመት እምብዛም የማይበልጥ፥ ነብር መሳይ ትንሽ አውሬ ነው፤ ሊቃውንተ ፍጥረት የሰጡት የላቲን ስም የቤንጋልን አገር የሚጠራ ስለሆነ መጠሪያው ለልጅ ልጆቹ ተረፈ። ወይዘሮ ጂን ሚል የተባሉ ሴት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት የዚህን አውሬ ዘር ከቤት ድመት ጋር አዳቅለው ነበር። ሥራው ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ዶክተር ዊላርድ ሴንተርዎል የተባሉት ሊቅ፥ የዱሩ አውሬ ድመቶችን የሚገድለውን የደም ነቀርሳ እንዴት እንደሚቋቋም ለመመርመር ካዳቀሏቸው ድመቶች ጥቂቶቹን ለወይዘሮ ጂን ሰጡ፤ እርሳቸውም ሥራውን እንደገና ጀመሩት። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወንዶች መካን ስለሚሆኑ ዘሩ የቀጠለው በእንስቶቹ በኩል ነው፤ እነርሱም ከቤት ድመት ጋር እየተዳቀሉ፥ ከግልገሎቻቸውም ነቍጡ የሚያምረውና ሰውን የማይፈራው እየተመረጠ፥ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ የሚወለደው እንደ ቤት ድመት ይቈጠር ጀመር።

ይህ ሁሉ ምርጫ ምን አስቀረ፥ ምንስ አተረፈ? የዱሩ አውሬ ብቻውን የሚኖር፥ ሌሊት የሚያድንና የሰውን ኮቴ ሲሰማ የሚሰወር ነው፤ ከእርሱ በቀጥታ የተወለዱትም ዲቃሎች ይህን ፍርሃት ስለሚወርሱ እንግዳ ሲመጣ ይሸሸጋሉ፥ ለቤትም ሥርዓት አይመቹም። በኋለኛው ትውልድ ፍርሃቱ እየከሰመ ሄዶ በምትኩ የሰው ፍቅርና ድፍረት ገባ፤ ትጋቱና ብርታቱ ግን ዘር ከልጓም ይስባልና ከልጅ ልጆቹ አልወጣም።

ከሌሎች ድመቶች የምትለይበት ዋናው ጠባይዋም ይኸው ትጋት ነው። ሌላው ድመት የቀኑን እኩሌታ በእንቅልፍ ሲያሳልፍ እርሷ ከቁም ሣጥኑ ራስ ወደ መጋረጃው ዘንግ፥ ከዚያም ወደ መስኮቱ ደፍ ትዘልላለች፤ ከሁሉም ይልቅ ከፍ ያለውን ቦታ ትወዳለች። እጅግም መርማሪ ናት፤ ሰው የበሩን እጀታ ተጭኖ ሲከፍት አጥብቃ ከተመለከተች በኋላ ዘልላ በሁለት እጇ ተንጠልጥላበት በሩን የምትከፍት አለች። የተወረወረላትን ኳስ አንሥታ መመለስን፥ ማሰሪያ ታጥቃ ከጌታዋ ጋር መንሸራሸርን በቶሎ ትማራለች።

የዱር ወላጇ ዋናተኛና በወራጅ ውሃ አጠገብ የሚያድን ስለሆነ ብዙዎቹ ቤንጋሎች ድመት ሁሉ ይሸሸዋል የሚባለውን ውሃ አይፈሩም። ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል እጇን ከሥሩ ዘርግታ ጠብታውን ትመታለች፤ ከሳሕኗም ከመጠጣቷ በፊት ውሃውን በመዳፏ ታማስላለች፤ ወለሉ ቢርስም ግድ የላትም። ድምፅዋም ብዙ ነው፤ ስትራብ፥ ስትሰለች፥ ጌታዋም ሲመጣ ልዩ ልዩ ጩኸት ታሰማለች፤ በመስታወቱ ማዶ ወፍ ያየች እንደ ሆነ ግን መንጋጋዋ እየተንቀጠቀጠ እንደ ጫጩት ያለ ቍርጥርጥ ድምፅ ይወጣታል።

ለቤተ ሰቡ ያላት ፍቅር ጽኑዕ ነው፤ ነገር ግን በጭን ላይ ተኝቶ መዳበስን ከምትወድ ይልቅ ሰው ወደሚሠራበት ክፍል እየተከተለች በሥራው መካከል መግባትን ትመርጣለች። በግልገልነቷ ከልጆችና ከውሻ ጋር የለመደች እንደ ሆነች በሰላም ትኖራለች። የማደን ባሕርይዋ ግን ስለማይጠፋ ወፍና ዓሣ በእርሷ ፊት ዋስትና የላቸውም።

ብዙ ጊዜ ክፋት ተብሎ የሚነቀፍባት ነገር ምንጩ ሥራ መፍታት ነው። ጨዋታና መውጫ ያጣች ቤንጋል ወንበሩን ትቦጫጭራለች፥ ዕቃውን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፥ ሌሊቱን በጩኸት ታነጋለች፤ በየቀኑ ጧትና ማታ የሚያጫውታት ሰው፥ የምትወጣበትም እንጨት ያላት እንደ ሆነ ግን ይኸው ኃይል ወደ ደስታ ይለወጣል። ስለዚህ ሊገዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋዋ አስቀድሞ የራሱን ጊዜ ይቍጠር፤ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ዘግቶ የሚውል ወይም ጸጥታን የሚወድ ሰው፥ ነቍጧ የቱንም ያህል ቢማርከው፥ ሌላ ድመት ቢመርጥ ለእርሱም ለእርሷም ይበጃል።