የጥሻዋ ጥንቸል

ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ በስተምሥራቅ ወዳሉት ኮረብታዎች ሲወጣ መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል። ለአዲስ አበባ ሰው ሽታው እንግዳ አይደለም። ዛፉ እንደ እንጦጦው ሁሉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባለሀብቶች ለጣውላ ብለው በብዛት ተከሉት። የአገሩ ነባር ተክል ያለው ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ ነው። ከጉልበት እስከ ሰው ቁመት የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የኛው አሪቲ ዘመድም በውስጡ ይገኛል። ዛፍ ለለመደ ዓይን ዳዋ ይመስላል። ኦክላንድ ባለችበት በአላሜዳ ካውንቲ ከቀሩት የዱር መኖሪያዎች ሁሉ ጥበቃ የሚያሻው ግን ይህ ዳዋ ነው እላለሁ።

የጥሻ ጥንቸል እዚህ ትኖራለች። ቡናማ ናት፤ ጅራቷ አጭር፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ በታች። ብዙውን ጊዜ የራሷን ጉድጓድ አትቆፍርም፤ የምትሸሸገው በቅርንጫፍ ሥር ባበጀችው ጠባብ መተላለፊያ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸል ግልገሎች ጠጉር አብቅለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የዚህችኛዋ ግን ዕውርና ራቁታቸውን ስለሆኑ፣ እናታቸው በሣርና በገዛ ጠጉሯ የጎዘጎዘችው ጎጆ ባይኖር አይተርፉም።

ማለዳና ማታ ሣር ልትግጥ ትወጣለች፤ ከጥሻው ግን ብዙም አትርቅም። ቀበሮው፣ ጭልፊቱና ተኩላ መሰሉ ኮዮቴ ያደቡባታል። ይህ ፍርሃቷ መሬት ላይ ይታያል። በካሊፎርኒያ ብዙ ቦታ በቁጥቋጦውና በሣሩ መካከል ምንም የማይበቅልበት ጠባብ ድንበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪዎች ምክንያቱ ከቁጥቋጦው ሽታማ ቅጠሎች የሚተንነው ኬሚካል ነው፤ ሣሩን የሚያቀጭጨው እሱ ነው ብለው ጻፉ። በ1970 ብሩስ ባርቶሎሚው የተባለ ተመራማሪ በእንዲህ ያለው ራቁት መሬት ላይ የሽቦ አጥር ሠርቶ ያየውን አሳተመ። ቁጥቋጦው እዚያው ቆሞ፣ ሽታውም ሳይቀንስ፣ በአጥሩ ውስጥ ሣር በቀለ። ለካ ድንበሩን ያራቆቱት ከመሸሸጊያቸው ለመራቅ የሚፈሩት ጥንቸሎች፣ አይጦችና ወፎች ነበሩ! ጥንቸሏ ምን ያህል መራመድ እንደምትደፍር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ጥሻው የእሷ ብቻ አይደለም። ጥቁር ጀርባና በሁለት ጎኑ ቢጫ መስመር ያለው የአላሜዳ ጅራፍ እባብ ራሱን ቀና አድርጎ እንሽላሊት የሚያድነው እዚሁ ነው። ቤትና መንገድ መኖሪያውን ስለቆራረጡበት የፌዴራሉ መንግሥት በ1997 የመጥፋት ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ከባዱ ጥያቄ እሳት ነው። ጥቅምት 1991 በኦክላንድ ኮረብታዎች የተነሣው ቃጠሎ 25 ሰው ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በቤቶች ዙሪያ ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ በየዓመቱ የፍየል መንጋ እየተከራየ ይሰማራል። ይህን የሚቃወም ሰው ሐዘኑን የረሳ ነው። ነገር ግን ኮረብታን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማራቆትና በቤቶች አጠገብ ማሳሳት አንድ አይደሉም። ከቤት ራቅ ባለው ተዳፋት ጥሻው በጥሻ ተያይዞ ከቆየ እንስሳቱ መተላለፊያ ያገኛሉ፤ ሰፊ ሜዳ ከመሀል ከገባ ግን ጥንቸሏ አትሻገረውም።

መሸሸጊያ ሲጠፋ የሚሆነውን ከአላሜዳ በስተምሥራቅ የሳን ዋኪን ወንዝ አሳይቷል። በወንዙ ዳር የምትኖረው የጥሻ ጥንቸል ንዑስ ዝርያ፣ አብዛኛው ደን ለእርሻ ከተመነጠረ በኋላ በጥቂት ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ ቀረች። በ1997 መጀመሪያ ጎርፍ መጣ፤ የምትሸሽበት ከፍታ ስላልነበራት ልታልቅ ተቃረበች። በ2000 የፌዴራሉ ሕግ ከለላ ሰጣት፤ ከ2002 ጀምሮም በማራቢያ አጥር የተወለዱ ጥንቸሎች በወንዙ ዳር ባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ተለቀቁ። እዚያ አፈር ተቆልሎ ጉብታ ተሠርቷል፤ ጎርፍ ሲመጣ ወጥታ እንድትሸሸግም በጉብታው ላይ ቁጥቋጦ ተተክሏል። በ2020 ጥንቸል የሚፈጅ የደም መፍሰስ በሽታ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ደግሞ ባለሙያዎች ጥንቸሎቹን በወጥመድ እየያዙ ከትበው ወደ ጥሻቸው መልሰዋቸዋል።