የኋላ ጎማ ወደ አንድ ጎን ለምን ይጠጋል?

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራር ወይም መንሥኤ ለአንባቢ ግልጽ የሚያደርግ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያ የሚታየውን ውጤት ያቀርባል፤ ቀጥሎም አንባቢውን ደረጃ በደረጃ ወደ መንሥኤው ይመራል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ልብ በሉ።

ምንባብ

እ.አ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ኃይለኛ ሞተር የተገጠመላቸው የቤት መኪናዎች በብዛት ይሠሩ ነበር። «ማስል ካር» ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና ማለት ነው። እ.አ.አ. በመስከረም 1966 ለገበያ የቀረበው ሸቭሮሌት ካማሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ እነዚህን መኪናዎች የሚያድሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከጥንቱ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ይገጥማሉ። ያን ጊዜ ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል። በአንደኛው ጎን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሁለት ጣት ሲገባ፣ በሌላው ጎን አንድ ጣት እንኳ አይገባም።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መኪናው ጭኖ ሲጠመዘዝ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አካሉ ወደ ጎማው ይወርዳል። የፓራፋንጎው ስስ ጠርዝ የጎማውን ጎን ይፍቃል፤ ሲብስም ይቆርጠዋል። በፍጥነት ላይ ሳለ ጎማው የፈነዳበት ሰው የሚያጣው ንብረቱን ብቻ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ሥጋት የተነሣ አንዳንዱ ባለቤት ወዲያው መቁረጫ ያነሣና ጠርዙን ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ ሁለቱ ጎኖች እኩል መስለው እንዲታዩ፣ ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ጎን ከቸርኬው ጀርባ ተጨማሪ የብረት ቀለበት ያስገባል። ሁለቱም ውጤቱን ሸፈኑ እንጂ መንሥኤውን አላገኙም። ጭነቱ ያጋደለበት ነጋዴ ጆንያውን አይቀድም፤ መጫኛው የቱ ጋ እንደ ላላ ይፈልጋል።

መንሥኤውን ለማግኘት አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። የካማሮ የኋላ አክስል ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በጫፎቹ ላይ ይገጠማሉ። አክስሉ ያረፈው በሁለት ባሌስትራዎች ላይ ሲሆን፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙትም እነዚሁ ባሌስትራዎች ናቸው። እንግዲህ አክስሉ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ቢሸሽ፣ የግራው ክፍተት በ6 ሲጠብ የቀኙ በ6 ይሰፋል፤ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ግን 12 ይሆናል። ስለዚህ አክስሉ መመለስ ያለበት በልዩነቱ ግማሽ ነው። ልዩነቱን በሙሉ የመለሰ ሰው ስሕተቱን ወደ ሌላው ጎን አዛወረው እንጂ አላረመውም።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቸርኬው ከነጎማው፣ አክስሉና የመኪናው አካል ናቸው። ከመለካት በፊት መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ በአራቱም ጎማዎቹ ይቁም። የሁለቱ የኋላ ጎማዎች መጠንና የአየር ግፊት እኩል ይሁን። በክሪክ ተነሥቶ ከነበረ፣ ካወረዱት በኋላ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ይገባል፤ ያለዚያ ጎማዎቹ በትክክለኛ ቦታቸው አያርፉም።

በመጀመሪያ የግራውን ጎማ ከነቸርኬው ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ነው። ጠባቡ ክፍተት ጎማውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቸርኬው ወይም የጎማው ነው። ካልሄደ ግን ልኬቱ ከመኪናው ሥር ይቀጥላል። ከሻንሲው አንሥቶ ከፍሬኑ ታምቡር ጀርባ እስካለው ዝርግ ብረት ድረስ ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን ይለካል። ቀጥሎም ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ ተንጠልጥሎ በክሩና በጎማው መካከል ያለው ርቀት ይለካል። የውስጡ ልኬት ከተለያየ አክስሉ ሸሽቷል። የውስጡ እኩል ሆኖ የውጭው ከተለያየ ግን ያዘነበለው አካሉ ነው። ይህም አያስደንቅም፤ አካሉ ብዙ ቆርቆሮዎች በብየዳ ተያይዘው የተሠራ በመሆኑ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ከፋብሪካው ጀምሮ ሊኖር ይችላል። በኋላም በግጭት ምክንያት ቆርቆሮው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የጥንቱ ጎማ ጠባብ ስለ ነበረ ልዩነቱን አላጋለጠውም።

አክስሉ ከሸሸ፣ በባሌስትራው መካከል ያለው ብሎን በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይታያል። በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ጎሚኒዎች አርጅተው ከሆነ ይለወጣሉ። ከዚያም ባሌስትራውን የያዙት ብሎኖች ላላ ተደርገው አክስሉ በሚፈለገው መጠን ይገፋል። ብሎኖቹ በመጨረሻ የሚጠብቁት የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒዎቹ እንደ ተጠመዘዙ ይቀራሉና። ከባሌስትራው የፊት ጫፍ እስከ አክስሉ ያለው ርቀትም በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናው ሰያፍ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ሁሉ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት ያሰጋል፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ የግድ ያስፈልጋል።

ጥፋቱ የአካሉ ከሆነ የቆርቆሮ ባለሙያ የጠርዙን ከንፈር ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ ሊያጥፈው ይችላል። ከዚያ በላይ ማስፋት ካልተቻለ ጠባብ ጎማ መምረጥ ብልኅነት ነው።

አሠራሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። ለምሳሌ እ.አ.አ. ከ1964 እስከ 1972 የተሠራው ሸቭሮሌት ሸቬል በባሌስትራ ፋንታ ጥቅል ሞላ አለው፤ አክስሉን ከጎን ሽሽት የሚጠብቁት በሰያፍ የተገጠሙት ሁለቱ የላይኛ ክንዶች ናቸው። እዚያ የሚመረመረው የክንዶቹ ጎሚኒ ነው። የአመርማሪው መንገድ ግን አይለወጥም፤ በመጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይፈርዳል፣ በመጨረሻም ይጠግናል። የላላ ብሎን ተመልሶ ይጠብቃል፤ የተቆረጠ ቆርቆሮ ግን ተመልሶ አያድግም።

መልመጃ

1. ጠርዙን መቁረጥና ቀለበት ማስገባት «ውጤቱን ሸፈኑ» የተባለው ለምንድን ነው?
2. አክስሉ እንደ ሸሸ ታውቋል እንበል። የግራው ክፍተት 14 ሚሊ ሜትር፣ የቀኙ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን አክስሉ ወደ የት ጎን፣ በስንት ሚሊ ሜትር መመለስ አለበት? መልሳችሁን በሁለት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
3. ሁኔታን የሚገልጹ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን ከምንባቡ አውጥታችሁ ጥገኛውን ሐረግ ከዋናው ለዩ።
4. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ መንሥኤው እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ባለሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።