ጥቂት ጎብኚ፣ የቆመ ደን፦ የከፋ የአንድ ቀን የደንና የፏፏቴ ጉዞ እንዴት ሊመራ ይገባል?

ቦንጋ፦ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ለረጅም ዘመን ሲታወቁ የኖሩት በቡናቸው፣ በማራቸውና በቅመማ ቅመማቸው ነው። አሁን ግን ምርት ለመግዛት ሳይሆን ደኑን ራሱን ለማየት የሚመጣ እንግዳም አለ። ማልዶ ተነሥቶ በአስጎብኚ እየተመራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ይጓዛል፤ ፏፏቴ ያያል፤ በአርሶ አደር ቤት ቡና ይጠጣል፤ ከመምሸቱ በፊትም ወደ ከተማ ይመለሳል። የአንድ ቀን ጉዞ በመሆኑ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ደኑ ይጎዳ ወይስ ይጠበቅ፣ አርሶ አደሩ ይጠቀም ወይስ የበይ ተመልካች ይሁን የሚለውን የሚወስነው ጉዞው የሚመራበት መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ የከፋን ደን ምሳሌ በማድረግ አሠራሩን ያብራራል።

የደኑ ስፍራና ይዘት

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። አካባቢው በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ዝናብ ያገኛል፤ ጥቂት ፋታ የሚሰጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ቅጠሉን የማያረግፈው የደጋማ አካባቢ ጥቅጥቅ ደን የቆመው በዚህ ዝናብ ነው። ከላይ ቀረሮ፣ ዋንዛና ብሳና ጥላቸውን ይዘረጋሉ። ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ከመሬቱ አቅራቢያ ደግሞ ኮረሪማና ጥምዝ ይገኛሉ። ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ይህ ደን የዓለም አቀፍ ዕውቅናም አለው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከፋንና ያዩን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። ሸካ በ2004 ዓ.ም.፣ ማጃንግ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተከትለዋል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ሰውን ከደኑ አስወጥቶ የሚታጠር ስፍራ አይደለም። መሬቱ በሦስት ቀጠና ይከፈላል። የመጀመሪያው ተፈጥሮው ሳይነካ የሚቆይበት ጥብቅ ቀጠና ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያለው ቀጠና ሲሆን፣ ደኑን የማይጎዳ አጠቃቀም፣ ትምህርትና ጉብኝት ይፈቀድበታል። ሦስተኛው ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚነግድበት ነው። የደን ጉዞ የሚመራው ይህን ክፍፍል አክብሮ ነው፤ የእግር መንገዱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠና ያልፋል እንጂ ጥብቁን ቀጠና እንደ መናፈሻ አይረግጥም።

የቡድኑ ቁጥር ለምን ያንሳል?

አንዳንዶች ትንሽ ቡድን የሚባለውን ነገር ለባለ ገንዘብ ጎብኚ የሚሰጥ ምቾት አድርገው ይቆጥሩታል። ዋናው ምክንያት ግን የደኑ ጠባይ ነው። የደን አፈር ለስላሳና እርጥብ ነው፤ በአንድ ጊዜ አርባ ሰው ሲያልፍበት ይጨቀያል። ጭቃውን ለመሸሽ ሰዎች ወደ ዳር ሲወጡ መንገዱ ይሰፋል፤ የሰፋው መንገድ በሚቀጥለው ዝናብ የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚረገጠው ደግሞ ተራ ሣር አይደለም። ከእናት ዛፍ ሥር ወድቆ የበቀለ የጫካ ቡና ችግኝ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ችግኝ ዋጋ ለቡና ገበሬ የተሰወረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ የአገሪቱ የቡና እርሻ ከባድ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ከተሰበሰቡ ቡናዎች ነው። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው በጅማ የምርምር ማዕከል አባዙ። ዛሬ በብዙ ማሳ የሚታዩት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤቶች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው የሚጀምርበት 74 የተመረጡበትን የ1974 እ.ኤ.አ. ዓመት ያመለክታል። ነገ ለሚመጣ ሌላ በሽታ የሚሆነው መድኃኒት ዛሬ በደኑ ውስጥ በቆመ አንድ ቡና ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጎብኚ ከመንገድ እንዳይወጣ የሚከለከለው ለዚህ ጭምር ነው።

ቁጥርን መገደብ በሌሎች አገሮችም የተፈተነ ሥርዓት ነው። በሩዋንዳ የቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ጎሪላዎችን የሚጎበኝ አንድ ቡድን ከስምንት ሰው አይበልጥም፤ ከእንስሳቱ ጋር የሚቆየውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አገሪቱ ከፓርኮቿ የጉብኝት ገቢ 10 በመቶውን በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ልማት ትመድባለች። ከፋ ጎሪላ የለውም፤ የዋጋው ደረጃም አይገናኝም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ቁጥሩ ይወሰናል፣ የሕዝቡም ድርሻ አስቀድሞ ይታወቃል።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

በደንብ የታሰበ የአንድ ቀን ጉዞ የሚጀምረው ንጋት ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ወፎችና ጉሬዛዎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት በዚህ ሰዓት ነው። ቡድኑ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ሆኖ፣ አንድ አስጎብኚ ከፊት፣ አንድ ረዳት ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። የኋለኛው ሥራ የደከመ ሰው ወደ ኋላ እንዳይቀር መከታተል ነው።

ፏፏቴው ከቀትር በፊት ቢጎበኝ ይመረጣል። በዚህ አካባቢ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ የወንዙ መሞላትና የመንገዱ መጨቅየት የሚብሰው በዚያን ጊዜ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ባርታ ፏፏቴ ይጎበኛል። ተፈጥሮ ከድንጋይ ያበጀችውና «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ስፍራም ሌላው መስሕብ ነው። ከዚያ ምሳ በአካባቢው ነዋሪ ቤት ይሆናል፤ ቆጮ፣ ማርና በዚያው የተቆላ ቡና ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቢመጣ በቦንጋ የሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም መጠለያም ትምህርትም ይሆናል።

አንድ ቀን ሁሉን አይችልም። በኮንታና በዳውሮ የሚገኘው፣ ዝሆኖች ያሉበት የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ፣ እንዲሁም በመቱ አቅራቢያ ያለው የሶር ፏፏቴ ራሳቸውን የቻሉ ጉዞዎች ናቸው። ሁሉን በአንድ ቀን አሳያለሁ የሚል አዘጋጅ ጎብኚውን በመኪና ውስጥ ከማዋል የዘለለ ነገር አይሰጠውም፤ በየመንደሩ ያለው አስተናጋጅም ምንም አያገኝም።

በፏፏቴ ዳር ሕይወትን መጠበቅ

ፏፏቴ ያማረ እንደሆነ ሁሉ አደገኛም ነው። በርጭቱ ዘወትር የሚረጥብ አለት ያንሸራትታል። ከላይ ጫፉ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ከሥሩ ያለው ገንዳም ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ የሚወርደው ውኃ የሚፈጥረው አዙሪት ዋናተኛን ወደ ታች ይጎትታል፤ ስለዚህ አይዋኝበትም።

ሌላው አደጋ ከሩቅ የሚመጣ ነው። ጎብኚው በቆመበት ፀሐይ ቢኖርም ከላይ በተፋሰሱ ዝናብ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ጥርት ያለው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ድምፁም ከበረታ ደራሽ እየመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። በአካባቢው ያደገ አስጎብኚ ከከተማ ከመጣ አስጎብኚ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ የወንዙን ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጎብኚው በበኩሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ረጅም ካልሲ ሊይዝ ይገባዋል፤ ጉንዳን በሚተራመስበት ደን ውስጥ ባዶ እግር አያዋጣም።

ፏፏቴው የሚኖረው በላይኛው ደን ነው

ፏፏቴን ከደኑ ለይቶ ማየት አይቻልም። ዝናብ በደን ላይ ሲወርድ ቅጠሉ ኃይሉን ይሰብረዋል፤ ቅጠላ ቅጠል የሸፈነውና ሥር የበሳው አፈር ይመጠዋል፤ ከዚያም በምንጭ በኩል ቀስ እያለ ይለቀዋል። ዝናብ ጋብ በሚልበት ወቅትም ወንዙ የማይደርቀው ለዚህ ነው። ደኑ ከተመነጠረ ያው ዝናብ አፈር ጠርጎ በአንድ ቀን ይወርዳል። በክረምት ፏፏቴው ቀይ ጎርፍ፣ በበጋ ደግሞ ቀጭን ጠብታ ይሆናል።

ውኃው ከጎደለ የፏፏቴው መስሕብም እንደሚጎድል ከጢስ ዓባይ መማር ይቻላል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ የዓባይ ውኃ በብዛት ወደ ማመንጫው በመዞሩ፣ ፏፏቴው በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ የቀድሞ ግርማውን አጥቷል። በዚያ ምክንያቱ የኃይል ፍላጎት ነበር፤ በከፋ የሚያሰጋው የደን ምንጣሮ ነው። ጉዳቱም ከጎብኚ ማጣት ያልፋል። ከከፋ ደኖች የሚነሡ ወንዞች ጎጀብን ይመግባሉ፤ ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ውኃውም ለግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ይደርሳል። በከፋ ተዳፋት ላይ የተቆረጠ ደን ያጣው አፈር መጨረሻው በግድብ ውስጥ የሚከማች ደለል ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ በብዙ እጅ ያልፋል፦ በጉዞ አዘጋጁ፣ በመኪና ባለቤቱ፣ በሆቴሉ፣ በአስጎብኚው። ደኑን የሚጠብቀው አርሶ አደር ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ግን ጎብኚ መጣ ወይም ቀረ ለእርሱ ለውጥ የለውም። ለደኑ ጥበቃ የሚያነሣሣውም ነገር አይኖርም።

አንድ ስሌት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ ለቀበሌው የደን ማኅበር 300 ብር ቢከፍል፣ ስምንት ሰው ያለው ቡድን 2,400 ብር ያስገባል። በሳምንት ሁለት ቡድን ለ16 ሳምንታት ቢመጣ 76,800 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ለአንድ አስጎብኚና ለደን ጠባቂዎች አበል፣ ለእግር መንገዱ ጥገና ወይም ለትምህርት ቤት ቁሳቁስ ይረዳል። ለመቶ አባወራ ቢከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 768 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉብኝት ቡናንና ማርን የሚተካ ኑሮ ተደርጎ ሊሰበክ አይገባም፤ ተጨማሪ ገቢ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው እንግዳው ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ከአምራቹ እጅ በቀጥታ ሲገዛ ነው። በገተም አበባ ወቅት የሚቆረጠው ነጭ ማር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

መሠረቱ ከዚህ በፊት ተጥሏል። በቦንጋ ደን የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በአሠራሩ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ፤ ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን ይጠቀማሉ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል። ስለዚህ ጎብኚ ሲመጣ የሚዋዋል አካል ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ማኅበር ማጠናከር ይበቃል። መሬት ያነሳቸውና ኑሯቸው በማገዶና በከሰል ላይ የተመሠረተ ነዋሪዎችም ከድርሻው እንዳይገለሉ መጠንቀቅ ግድ ነው፤ ከደኑ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ከጥቅሙ ከተገፋ መጥረቢያውን አያስቀምጥም።

ከመስማማት በፊት መጠየቅ ያለበት

የደን ማኅበራት ከጉዞ አዘጋጅ ጋር ሲዋዋሉ ጥቂት ነጥቦች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይጠቅማቸዋል። በአንድ ቀን ስንት ቡድን፣ በአንድ ቡድንስ ስንት ሰው ይገባል? ለማኅበሩ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በቡድን? የሚከፈለውስ መቼ ነው? ከአስጎብኚዎቹ ስንቱ የቀበሌው ልጆች ይሆናሉ? ጎብኚ ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው? የቡና ለቀማ በሚበረታበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጉዞው በየትኛው መንገድ ያልፋል?

የከተማ ነዋሪውም ድርሻ አለው። ወደ ደኑ የሚሄደው የውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሠርግ ፎቶግራፍ፣ ለትምህርት ቤት ሽርሽርና ለሰንበት መዝናኛ የሚወጣው የአገር ልጅም አለ። የውኃ ፕላስቲኩንና ፌስታሉን ይዞ መመለስ፣ ሙዚቃ አለመክፈት፣ ከመንገድ አለመውጣት፣ ችግኝ ነቅሎ አለመውሰድና የመግቢያውን ክፍያ ለማኅበሩ በደረሰኝ መክፈል ከእርሱ ይጠበቃሉ። የተማሪዎች ቁጥር ብዙ ከሆነም ክፍሉን በቡድን ከፍሎ በየተራ ማስገባት ይቻላል። ሃምሳውን ተማሪ በአንድ ጊዜ ከማስገባት ይልቅ ስምንት ስምንቱን በተለያየ ቀን መላክ ለመምህሩ አድካሚ ነው፤ ለደኑም ለልጆቹም ግን የሚበጀው ይኸው ነው።