መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ፦ ገደል የከፈለው፣ ጽሕፈት ቤት የሚያስተዳድረው ደጋ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ድንበር የሚለየው ውሃ ነው። መንዝን በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ያጥሩታል። በምሥራቅ ብቻ ድንበሩ ወንዝ ሳይሆን ከጣርማ በር ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የተራራ ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ኤፍራታ፣ ግድምና ቀወት ከእግሩ ሥር ተዘርግተው ይታያሉ። እዚያው ጫፍ ላይ የዘነበው ዝናብም ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ ወደ ምዕራብ የወረደው መንዝን አቋርጦ፣ በወንጪትና በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል።

ይህን አገር ያስተዳደሩ መንግሥታት ስሙንና አከፋፈሉን ደጋግመው ለውጠዋል፤ ገደሉን ግን ማንም አልለወጠውም። ዛሬም ቢሆን አንድ ገበሬ ከመንግሥት ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሳይሆን በመካከሉ ስንት ሸለቆ እንዳለ ነው።

ደጋው፣ አፋፉና ቆላው

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ምድራቸው አንድ አይደለም። የመንዝ ጌራ ምድር መቀመጫ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከእርሷ በላይ ያለው የጓሳ አምባ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በአንጻሩ መርሐቤቴን በደቡብ የሚያዋስነው ጀማ ወንዝ የሚፈስበት ሸለቆ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ጠዋት ውርጭ የመታው ገብስና ቀን ፀሐይ ያጠወለገው ማሽላ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

በመንዝ ደጋ ገብስ ዋናው እህል ነው፤ ባቄላና ስንዴ ይከተላሉ። ደገኛው ከክረምቱ ዝናብ ሌላ በበልጉም ይተማመናል። በልጉ ሲቀር፣ ወይም የመኸሩ እሸት ሳይጠና ውርጭ ሲመታው፣ ቤተሰቡን የሚያወጣው በጉ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ብርዱንም ሆነ የግጦሽ እጥረቱን ይችላል። ጸጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና እና በርኖስ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይበረክታል፤ ደገኛው በጉን ቆለኛው እህሉን ይዞ የሚገናኝበት ገበያም ከዚህ ልዩነት የመጣ ነው።

አቅኚ አባቶችና ርስት

መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። ስሞቹ በአገሩ ትውፊት አገሩን ካቀኑት አባቶች የተወረሱ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከዚሁ ደጋ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል የሸዋ ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆነ፤ መቀመጫውም አጋንቻ ነበር። ተወላጆቹ ግዛታቸው ሲሰፋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ወረዱ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን አንኮበር መናገሻ ሆነች። ሥልጣኑ ከደጋው ቢርቅም የመሬቱ ሥርዓት ግን በቦታው ቀረ። ማንኛውም ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ካስረዳ ርስት መጠየቅ ይችል ነበር። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንዝን ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ኑሮ በሰፊው ጽፎታል።

ከአውራጃ ወደ ወረዳ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ የአገሪቱ አስተዳደር በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተደለደለ። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ ሆነው መሐል ሜዳን መቀመጫ አደረጉ። መርሐቤቴ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆኖ ከዓለም ከተማ ተዳደረ። አውራጃው ፍርድ ቤቱን፣ ፖሊሱንና ግብር ሰብሳቢውን በአንድ ከተማ አሰባስቦ ነበርና፣ የሩቅ ገበሬ ለአንድ ክርክር ቀናት ተጉዞ፣ ሰንብቶ ይመለስ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀርቶ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረና ዞንና ወረዳ ብቻ ቆሙ፤ ሦስቱም አካባቢዎች ደብረ ብርሃን በሚቀመጠው የሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ገቡ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል እንደ አንድ ወረዳ ተቆጥረው ነበር፤ ማማ ምድርና ላሎ ምድርም እንዲሁ። በ1999ኙ ቆጠራ ግን አራት ሆነው ተገኙ። ዛሬ የጌራ ምድር መቀመጫ መሐል ሜዳ፣ የቀያ ገብርኤል ዘመሮ፣ የማማ ምድር ሞላሌ፣ የላሎ ምድር ወገሬ፣ የግሼ ደግሞ ራቤል ነው።

የመከፋፈሉ ጥቅም ግልጽ ነው። ወደ ወንጪት ሸለቆ ያዘነበለው የቀያ ሰው ለመታወቂያም ለመሬት ደብተርም መሐል ሜዳ ድረስ መውጣቱ ቀርቶለታል። ጉዳቱም አለ፤ ወረዳው ባነሰ ቁጥር የሚሰበስበው ግብር ያንሳል፣ በጀቱም ከደመወዝ አያልፍም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የመንዝን ወረዳዎች ማቀፉ የእርከን ሥራና የገጠር መንገድ እንዲሠራ ረድቷል፤ ወረዳዎቹ በራሳቸው ገቢ መቆም አለመቻላቸውንም ያሳያል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ የጽሕፈት ቤቶችን ሥራ ይበልጥ አክብዶታል።

ጓሳ፦ ሕዝቡ ራሱ ያስተዳደረው መሬት

መንግሥት ሳይደርስ በፊት ደገኛው በራሱ ያቆመው አስተዳደር ጓሳ ላይ ይታያል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳም ከእርሱ ይሠራል። ከዚሁ ቦታ የሚለቀመው ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ማገዶ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያ ይኖራሉ።

ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን አንስቶ ያስጠበቀው የቄሮ ሥርዓት ነው። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ለየራሳቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቃው ሣሩ እስኪጠና ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት፣ ቦታውን ይዘጋ ነበር። ለጥበቃ ጥሪ ሲደረግ የቀረ ይቀጣ ነበር። ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈት፣ ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣ ነበር። የመጠቀም መብቱ ከርስቱ ጋር የታሰረ ስለነበር የ1967ቱ አዋጅ ርስቱን ሲሽር ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ቦታው ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተጎዳ። ዛሬ የተጠቃሚ ቀበሌዎች ተወካዮች የሚገኙበት ምክር ቤት የቄሮን ደንብ ከዘመኑ አሠራር ጋር አጣምሮ ያስተዳድረዋል። መብቱ ከዘር ወደ ነዋሪነት ተሸጋግሯል፤ መዝጋትና መክፈቱ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ዘረት፦ ገደሉ መሸሸጊያ ሲሆን

ገደሉ መንግሥትን ማራቁ ሌላም ገጽ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በዚህ ደጋና ሸለቆ ተከላክለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በቀያ ምድር፣ ዘረት አጠገብ ባለው አመፀኛ ዋሻ የተሸሸጉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ተከበቡ፤ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ በሕይወት የወጡትንም ረሸነ። ሟቾቹ በብዙ መቶዎች ይቆጠራሉ፤ ከመካከላቸውም ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ታሪኩን ጣሊያናዊው ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በ2006 እ.ኤ.አ. ለዓለም ይፋ አደረገ፤ በኋላም የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻው ውስጥ የእህል ማስቀመጫዎችና የሟቾች አጥንት እንዳለ አረጋግጠዋል።

መንገዱ

የመርሐቤቴ ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ ለሚን አልፎ በሙከ ጡሪ ነው። የመንዝ ሰው ግን በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን ይሄዳል። ከወንጪትና ከአዳባይ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት መንደሮች ገበያና ጋብቻ ያገናኛቸዋል፤ መኪና ግን ዙሪያውን ነው የሚሄደው። ዓለም ከተማ ሜንሽን ፉር ሜንሽን የተባለው ድርጅት የሠራው እናት ሆስፒታል አላት፤ በምዕራብ አፋፍ ላይ ለሚኖር የመንዝ ሰው በዓይን ቅርብ ነው፣ በእግር ግን ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለበት።

ወረዳ በቆረጡ ቁጥር ጽሕፈት ቤት ወደ ገበሬው ይቀርባል፤ ወንዝ የሚያሻግር ድልድይና የጋራ ተፋሰስ ዕቅድ ግን ከአንድ ወረዳ አቅም በላይ ስለሆነ ባለቤት ያጣል። አውራጃው ሲቀር የጠፋው ይኸው ነው፤ በርካታ ወረዳዎችን በአንድ ጠረጴዛ የሚያይ እርከን። ዞኑ ይህን ሥራ ከወሰደ መጀመሪያ ሊጠይቃቸው የሚገባው በሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉትን ቀበሌዎች ነው፤ ጓሳን ለዘመናት ያቆየውም መሬቱን የሚጠቀሙት ራሳቸው ተሰብስበው መምከራቸው ነበር።