ያውቁ ኖሯል? ከከሚሴ እስከ ናርቪክ በሐዲድ!

ያውቁ ኖሯል? ጡረታ ወጥተው ከባለቤትዎ ጋር የኖርዌይን፣ የስዊድንንና የዴንማርክን ከተሞች በባቡር ቀስ እያሉ ቢዞሩ፣ ከሚሴን በከፍታ የሚበልጥ አንድም ጣቢያ አያገኙም! ከኦስሎ ወደ በርገን በሚወስደው መስመር ላይ ያለው ፊንሴ የኖርዌይ ባቡር ጣሪያ ነው፤ 1,222 ሜትር። ከሚሴ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ናት!

ታዲያ የከሚሴ ሰው በቀትር ጥላ ለጥላ ሲሄድ፣ ፊንሴ በሰኔም በረዶ አይጠፋባትም! «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም የበረዶዋን ፕላኔት የቀረጸው እዚያው ጣቢያ አጠገብ ነው!

በከሚሴ በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ወልዲያ ሐዲድና የስቶክሆልሙ ሐዲድ ስፋታቸው አንድ መሆኑንስ? 1,435 ሚሊ ሜትር! አንዲት ጣት እንኳ ልዩነት የለም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ግን አንድ ሜትር ብቻ ነበር!

ሐዲዱ ይግጠም እንጂ ለአገሩ ቮልት ብቻ የተሠራ የስዊድን ባቡር ከሚሴ ቢመጣ አይንቀሳቀስም! ስዊድንና ኖርዌይ ባቡራቸውን የሚነዱት በ15 ሺህ ቮልት ነው፤ የእኛው መስመር የተነደፈው ለ25 ሺህ ነው። ዴንማርክ ግን እንደኛው 25 ሺህ! ሐዲዱም ገጠመ፣ ቮልቱም ገጠመ!

በከሚሴ በኩል የሚያልፈው መስመር ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ውሉን የፈረመው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሥራውን የጀመረው በ2015 ነው። መንገደኛ የሚጭን ባቡር ግን እስካሁን አልሄደበትም። ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩ የለም! (ይህን በቃለ አጋኖ መጨረስ ትንሽ ያሳፍራል።)

ከኮፐንሃገን ወደ ማልሞ ሲሄዱ ባቡሩ መጀመሪያ ባሕር ሥር ይገባል! አራት ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ሄዶ፣ ሰው በሠራት ደሴት ላይ ብቅ ይልና፣ ድልድዩን ይዞ ስዊድን ይገባል። ሁለቱ አገሮች የኤሌክትሪክ ኃይላቸው ስለሚለያይ ባቡሩ መንገድ ላይ ቮልት ይቀይራል! እርስዎ ግን ቡናዎን ፉት እያሉ ነው፤ አይታወቅዎትም።

ኮፐንሃገን ውስጥ ሜትሮ ቢሳፈሩ ሾፌሩን አይፈልጉት። የለም! እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ራሱን ነው የሚነዳው!

እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ላይ ሁለት ሐዲዶች በሁለት የዓለም ጫፍ መድረሻቸው ደረሱ። አንዱ ናርቪክ፣ ከዋልታ ክበብ በላይ! ሌላው ድሬዳዋ!

ናርቪክን ካነሳን አይቀር፦ ከስቶክሆልም ማታ ተሳፍረው፣ ተኝተው ነቅተው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ይደርሳሉ። ሰኔ ላይ ከሆነ ፀሐይ አትጠልቅም! ረመዳን በዚያ ወቅት ቢውልብዎ መግሪብ መቼ ሊባል ነው? ማፍጠሪያውስ? እንዲህ ባለው የሰሜን አገር ከሚኖሩ ሙስሊሞች አንዳንዶቹ የመካን ሰዓት ተከትለው ያፈጥራሉ! ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ጭራሽ አትወጣም።

የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍና ባለቤታቸው ሉዊዝ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ መጥተው ነበር! ያኔ እንግዳን ከባሕር ወደ መናገሻው የሚያወጣው የጅቡቲው ባቡር ነው። አልጋ ወራሹ ዕድሜያቸው 52 ነበር። ራስ ተፈሪ ደግሞ ቀድመዋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ከለገሃር ተነስተው ስቶክሆልም ድረስ ዘልቀዋል!

ለገሃር ራሱ ፈረንሳይኛ መሆኑንስ? «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው! ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ያለ ሰው «ባቡር ጣቢያው ባቡር ጣቢያ» ብሏል!

የድሮው ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበር! ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን፤ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ። መንገደኛው አዋሽ ላይ የሚያርፍበት ቡፌ ዳዋሽ ስሙ ዛሬም አለ! ቀስ ብሎ መጓዝን ከኖርዌይ መማር አያስፈልገንም።

ለመንገድ የሚያንጎራጉሩት ካሻዎ ደግሞ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ከሚሴ ባለችበት ዞን ያለች ከተማ ስም ነው። ባቲ! ገበያዋ ሰኞ ነው፤ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ደግሞ እሑድ። ሁለቱን ሳያዩ ኦስሎ እንዳይሄዱ!

በመጨረሻ ትኬትዎን አደራ! የኦስሎ–በርገን ትኬት ላይ 8:25 የሚል ቢያዩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:25 ነው። ምሳ በልተው፣ ሻንጣዎን እየጎተቱ በራስዎ 8:25 ጣቢያ ቢደርሱ ስድስት ሰዓት ዘግይተዋል! ጉዞው ሰባት ሰዓት ያህል ስለሆነ ባቡሩ በርገን ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል! ባለቤትዎ ያኔ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም።