በሕግ አምላክ ወይስ በደቦ? ሃይማኖትን ስለ መዳፈር የምናምናቸው ተረቶችና እውነታው

ደቦ የደግ ቀን ቃል ነበር። አንድ ገበሬ ብቻውን የማይወጣውን አጨዳ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እየዘፈነና ጠላውን እየጠጣ፣ በአንድ ቀን ያነሣለታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቃሉ ከፍርድ ጋር ተጣምሮ በዜና መምጣት ጀመረ፤ «የደቦ ፍርድ» ተባለ። ብዙ እጅ አጨዳን እንደሚያቀል ሁሉ ግድያንም ያቀላል፤ መቶ ሰው በወረወረው ድንጋይ የሞተን ሰው «እኔ ገደልኩት» የሚል አይገኝምና። ይህ ደቦ የሚከፋው ደግሞ «ሃይማኖታችን ተደፈረ» በሚል ጥሪ ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ ጥሪ በየቡና ቤቱና በየታክሲው የሚነገሩ፣ ሰሚም ሳይመረምር የሚቀበላቸው አንዳንድ እምነቶች አሉ። በአዲስ አበባ እንደ ቦሌ ሚካኤል ባለ ሰፈር፣ የመልአኩን በዓል የሚያከብረው ክርስቲያንና ለጁምዓ ሱቁን የሚዘጋው ሶማሌ ነጋዴ አንድ መንገድ፣ አንድ ሕንፃ፣ አንዳንዴም አንድ ግድግዳ በሚጋሩበት ቦታ፣ እነዚህን እምነቶች ከማስረጃ ጋር ማስተያየት የሩቅ አገር ወሬ ማውራት አይደለም።

ተረት 1፦ «ይህ የፓኪስታን ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ሕግ የለም»

አለ። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው የወንጀል ሕግ ሃይማኖትን መዳፈርን የሚቀጡ ሁለት ድንጋጌዎች አሉት። አንቀጽ 492 የተፈቀደን ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚያውክን ወይም በአደባባይ የሚያፌዝበትን፣ ለአምልኮ የሚያገለግልን ቦታ፣ ምስል ወይም ዕቃ የሚያረክስን ሰው እስከ 1,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ በቃል ወይም በምልክት አምላክን፣ ሃይማኖትን ወይም የሃይማኖት አባቶችን የሚሳደብን ይመለከታል። የተቀመጠው በደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ ሲሆን ቅጣቱም መቀጮ ወይም ከአንድ ወር የማይበልጥ የማረፊያ ቤት ቆይታ ነው። በአንጻሩ ተራ የሚባለው የሰው ግድያ በዚሁ ሕግ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከባድ ሲሆን እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ይደርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የሕጉ ሚዛን ወዴት እንደሚያጋድል አይጠፋውም፤ ለአምላክ ክብር ብሎ የገደለ ሰው አምላክን ከተሳደበው ይልቅ እጅግ የከፋ ወንጀለኛ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የላቸውም። በ1992 በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና የመሳሰለውን ይዳኛሉ እንጂ በወንጀል አይፈርዱም።

ተረት 2፦ «ሕጉ ቢጠነክር ኖሮ ሕዝቡ በራሱ እጅ አይፈርድም ነበር»

ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ሚዛን ይደፋል፤ ፍርድ ቤት የሚያረካ ቅጣት ከሰጠ ቁጣው ይበርዳል የሚል ነው። ደግነቱ በተግባር የተፈተነበት አገር አለ። ፓኪስታን የወረሰችው ሕግ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860 ለሕንድ ያወጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የሃይማኖትን ስሜት ሆን ብሎ መንካትን የሚመለከት አንቀጽ ተጨመረበት፤ ያም ቢሆን ቅጣቱ ከሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር። በጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ቁርኣንን ማርከስ በዕድሜ ልክ፣ በ1986 ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድን መሳደብ በሞት እንዲያስቀጣ ተደረገ። ከ1986 በፊት ክሶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከ1,000 በላይ ሰው ተከሷል። መንግሥት በዚህ ክስ እስካሁን አንድም ሰው በሞት አልቀጣም፤ በደቦና በግለሰብ እጅ የተገደሉት ግን በአሥሮች ይቆጠራሉ። የከበደው ሕግ ቁጣውን ከማብረድ ይልቅ ለቁጣው ስም ሰጠው። ተከሳሹ ሞት የተገባው መሆኑን መንግሥት ራሱ ካወጀ፣ ዳኛውን መጠበቅ መዘግየት ብቻ ሆኖ ይታያል። የፑንጃብ ገዢ ሳልማን ታሲር እ.ኤ.አ. ጥር 2011 በገዛ ጠባቂያቸው የተገደሉት ማንንም ሰድበው አልነበረም። ሕጉ ይሻሻል ብለው፣ ሞት ለተፈረደባት ክርስቲያን ሴት ለአስያ ቢቢ ስለ ቆሙ ነው። እርሷን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በነጻ አሰናበታት፤ ገዢው ግን ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ተረት 3፦ «ይህ የእነርሱ ሃይማኖት ጠባይ ነው»

«እነርሱ» የሚለው ቃል በተናጋሪው ማንነት ስለሚለዋወጥ ይህ ተረት ሁለት ፊት አለው። በየካቲት 2003 መጨረሻ በጅማ ዞን በአሰንዳቦና በአካባቢዋ ክርስቲያኖች ቁርኣንን አረከሱ የሚል ወሬ ተነዛ። በቀናት ውስጥ ከ50 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወደሙ። በአሰንዳቦ ብዙኃኑ ሙስሊም፣ በሞጣ ብዙኃኑ ክርስቲያን ነው። ሃይማኖቱ ተለወጠ እንጂ የነገሩ አካሄድ አልተለወጠም፤ ወሬው መጣ፣ የሚበዛው ወገን ተሰበሰበ፣ የሚያንሰው ወገን ከፈለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በጎንደር በመካነ መቃብርና በቤተ ክርስቲያን ወሰን አጠገብ በተነሣ ጠብ በሙስሊሞች ላይ የጀመረው ጥቃትም ከስድብ ክስ የመጣ ባይሆንም አካሄዱ ያው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን ገለጹ። ወዲያው በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ክርስቲያኖችም ተገደሉ። ጎንደር ላይ ድንጋይ ያልወረወረ የስልጤ ክርስቲያን የጎንደርን ዕዳ ከፈለ።

የሁለቱም ሃይማኖቶች አስተምህሮ ለደቦው ምስክር አይቆምለትም። በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ከባድ ቅጣት የዳኛና የመሪ ሥልጣን ነው፤ ማንም ከመንገድ ተነሥቶ አይፈጽመውም። ምእመኑ በሃይማኖቱ የሚቀለድበት ጉባኤ ላይ ቢደርስ ወሬው እስኪለወጥ ተነሥቶ እንዲሄድ ቁርኣን ራሱ ያስተምራል። በወንጌልም ድንጋይ ይዞ የተሰበሰበው ሕዝብ እያንዳንዱ ወደ ራሱ እንዲመለከት ተጠይቆ ነው የተበተነው። ክርስቲያኑ ሌላም ሊያስታውስ ይገባዋል፤ ጌታው ራሱ ሊቀ ካህናቱ ፊት የተከሰሰው «አምላክን ተሳደበ» ተብሎ ነው።

ተረት 4፦ «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም»

ክስ ከተነሣ የሆነ ነገርማ ተደርጓል የሚለው ግምት ከሁሉም ተረት ይልቅ የሚገድል ነው፤ ምክንያቱም አስተዋይ የሚባለውን ሰው ጭምር ዝም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 በካቡል ፋርኩንዳ የምትባል ወጣት ቁርኣን አቃጠለች ተብላ በአደባባይ ተደብድባ ተገደለች። መርማሪዎች ቁርኣን እንዳላቃጠለች አረጋገጡ። እርሷ ራሷ ሃይማኖቷን የምትማር ሙስሊም ነበረች፤ ከክሱ በፊት የነበረው ጠብ በአንድ የተከበረ መቃብር ቦታ ክታብ ከሚሸጥ ሰው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በፓኪስታን ማርዳን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተገደለው ተማሪ ማሻል ኻን ነቢዩን ለመሳደቡ አጣሪው ቡድን አንዳች ማስረጃ አላገኘበትም። የአስያ ቢቢም ነገር የጀመረው በእርሻ ማሳ ላይ በውኃ መጠጫ በተነሣ ጭቅጭቅ ነበር። ጭሱ አለ፤ እሳቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ገበያ ላይ፣ ድንበር ላይ፣ ምርጫ ላይ። በጃካርታ እ.ኤ.አ. በ2016 አገረ ገዢው ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ ቁርኣንን ሰደቡ ተብለው እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ፣ ነገሩን ያጋጋለው ከንግግራቸው አንድ ቃል ጎድሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር። ገዢው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ለጣፊውም በኋላ ታሰረ፤ በመካከሉ ግን ምርጫው አልፏል።

ወሬ ለመግደል ሃይማኖት እንኳ አያስፈልገውም። በጥቅምት 2011 በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ከተማ ለሕክምና ጥናት የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ ነው በሚል ሐሰተኛ ወሬ በሕዝብ እጅ ተገደሉ። በነሐሴ 2010 በሻሸመኔ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል ተብሎ ተገድሎ ተሰቀለ፤ ቦምብ ግን አልነበረም። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ለዚህ ነበር። ዛሬ ወሬው በቴሌግራም ስለሚመጣ መላው የሚጨመርበት ጊዜ አጠረ እንጂ አስፈላጊነቱ አልቀነሰም።

«እውነት ሆኖ ቢገኝስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእርግጥም የሚሳደብ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አሰንዳቦን መልሰን እንመልከት። አንድ ሰው በእርግጥ ቁርኣን ቀድዶ ነበር እንበል፤ ከ50 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ምን ቀደዱ? በሞጣ እሳቱን በእርግጥ አንድ ሙስሊም ለኩሶት ነበር እንበል፤ የጨርቅ ሱቁ ባለቤት ምን ለኮሰ? ደቦው የሚቀጣው ተከሳሹን አይደለም፤ የተከሳሹን ስም የሚመስል ስም ያለውን፣ በቅርብ የተገኘውን፣ መከላከል የማይችለውን ነው። ተረቱ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲል። ወሬው እውነትም ይሁን ሐሰት የሚከፍለው ሰው አንድ ነው፤ ስለዚህ የወሬው እውነትነት ደቦውን ነጻ አያወጣውም።

ተረት 5፦ «ሕዝብ ተቆጥቶ ያደረገውን ማን ይዳኘዋል?»

ቁጣው እንደ ጎርፍ ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል ማለት ጠሪውን መደበቅ ነው። ሱቅ ለይቶ የሚያቃጥል ሰው የሱቁን ባለቤት ሃይማኖት ቀድሞ ያውቃል፤ ጎርፍ አይለይም። ሕጉም በብዛት ውስጥ መደበቅን አይቀበልም፤ ወንጀል የግል ነው፣ እያንዳንዱ እጅ በሠራው ይጠየቃል። ጥሪውን ያሰራጨው እንኳ በ2012 በወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ይጠየቃል፤ የጥላቻ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ከጎንደሩ ጥቃት በኋላ በአራት ከተሞች 578 ሰዎች ተይዘው ነበር። ችግሩ ያለው ከመያዝ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን መያዝና እያንዳንዱን በማስረጃ ፍርድ ቤት ማቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ብቻ ሲደረግ ተጎጂው ፍትሕ አያገኝም፤ የተያዘው ወገንም «በሃይማኖቴ ታደንኩ» ይላል። ቅጣት ብቻውን እንደማይበቃም ፓኪስታን አሳይታለች፤ የገዢው የታሲር ገዳይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሞት ሲቀጣ ቀብሩን እንደ ሰማዕት ያጀበው ሕዝብ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ደቦውን ከፍርድ ቤት በፊት የሚያወግዙት የገዛ ሃይማኖቱ አባቶች ካልሆኑ ፍርዱ የባዕድ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ «ታዲያ ሲሰድቡን ዝም እንበል?» የሚል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሰው አምልኮ እንዳይታወክ፣ ታቦቱም መስጊዱም እንዳይደፈር መጠበቅ ሰውን መጠበቅ ነው፤ ለዚህ አንቀጽ 492 አለ፣ ሊኖርም ይገባል። አምላክን ራሱን ከሰው ቃል እጠብቃለሁ ማለት ግን ሌላ ነው፤ አማኝ በሚያምነው አምላክ ኃይል ላይ ያለውን እምነት የሚያሳንሰው ይህ ነው። የተሰደበ ሰው አቤቱታ ማቅረብ፣ መልስ መጻፍ፣ ከሰዳቢው ጋር አለመተባበር ይችላል፤ ይህ ሁሉ ዝምታ አይደለም።

የዚህ አገር ታሪክ እንደዚህ ዓይነት ክስን የሚያውቀው ከጥንት ነው። በእስልምና ትውፊት እንደሚተረከው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አክሱም የተሰደዱትን የነቢዩን ተከታዮች ለማስመለስ ከመካ የመጡት መልእክተኞች የመጀመሪያው ነገራቸው ሳይሠራ ሲቀር ሌላ ክስ ይዘው ቀረቡ፤ «እነዚህ ሰዎች ስለ ማርያም ልጅ ክፉ ይናገራሉ» አሉ። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ከዚህ የባሰ ክስ አልነበረም። ንጉሡ ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ቃል አቀባያቸው ጃዕፈርም ስለ ማርያምና ስለ ልጇ የሚያምኑትን ተናገረ። መልሱ የንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው ጋር አንድ አልነበረም፤ ነገር ግን ንጉሡ ሰምቷል፣ ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህን ታሪክ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ብቻ እንተርከዋለን፤ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የንጉሡ ጥያቄ ነው።

ከዚያም በኋላ በነበረው የአገራችን የሙግት ባህል መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችን ማንም አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆማቸው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ የሚቋጠረውም የተከሳሹ ኩታ እንጂ የጎረቤቱ ወይም የወገኑ አልነበረም። በዚያ ጥሪ ውስጥ የተጠራው አምላክ የተነሣውን እጅ የሚይዝ ነው። በቦሌ ሚካኤል መንገድ ላይ የሆነ ቀን ስልኮች ሁሉ አንድ ላይ ቢንጫጩና «ተደፈርን» የሚል ጥሪ ቢመጣ፣ ለሃይማኖቱ የሚቆረቆር ሰው ሊጮኸው የሚገባ ቃል ከአያቶቹ ተቀምጦለታል።