የፈላ ውኃና የማይሞት መርዝ

ተረት፦ ውኃው ከፈላ ያለ ሥጋት ይጠጣል።

እውነታ፦ እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ ሲፈሉ የትም አይሄዱም፤ የሚተነው ውኃው ነው። ሁለት ሊትር ፈልቶ አንድ ሊትር ቢቀር፣ በቀረው ውስጥ ያለው የእርሳስ ክምችት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ተረት፦ ኩልል ያለ ውኃ ንጹሕ ነው።

እውነታ፦ የባንግላዴሽ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬ ውኃ በሽታ እንዲድን ተብሎ በየመንደሩ የእጅ ፓምፕ ተተከለ። በ1993 በዚያ ጥሩ ውኃ ውስጥ አርሴኒክ ተገኘ። ዓይንም ምላስም ስለማይለየው፣ እየተመረመረ አደገኛው ፓምፕ ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። እያንዳንዳቸው አሥር ሺህ ሊትር የሚይዙ አሥር ቦቴዎች ሞልተው፣ በሁሉም ውስጥ በድምሩ አንድ ግራም ማለት ነው።

ተረት፦ ከሰል ሁሉን ይመጥጣል።

እውነታ፦ ሽታና ቀለም ለማስወገድ ከሰልን የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ አርሴኒክ ላይ ግን ደካማ ነው። አርሴኒክን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ዝገት ነው። ይሁንና ዝገት ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ቱቦ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ውኃ አያሳልፍም። ድቅል መጣጭ የሚባሉት ቁሶች የመጡት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲው አሩፕ ሴንጉፕታ እና ባልደረቦቹ እጅግ የደቀቀውን፣ «ናኖ» የሚባለውን ዝገት በጠንካራ የሬዚን እንክብሎች ሆድ ውስጥ አሳደሩት። እንክብሉ ውኃውን ያሳልፋል፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ያለውን የአርሴኒክ ዓይነት፣ አርሴኔትን፣ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ዝገቱ ደግሞ ተቀብሎ ያስቀረዋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፈነ።

ተረት፦ «ናኖ» ከተባለ የትኛውንም ብረት ያወጣል።

እውነታ፦ ይህ የሻጭ ወሬ ነው። እርሳስና ካድሚየም አዎንታዊ ሙል ስላላቸው ለአርሴኔት የተሠራው እንክብል አይስባቸውም። አርሴኒክ ራሱ እንኳ ሙል አልባ ሆኖ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ኦክሲዳይዝ ቢደረግ ይሻላል፤ ውኃው ፎስፌት ከበዛበት ደግሞ ፎስፌቱ ከአርሴኒኩ ጋር ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ከማጣሪያው በፊት የውኃ ምርመራ ይቀድማል። ሌላ ብረት ሌላ መጣጭ ይሻል፦ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚወጣውን ክሮሚየም ለመያዝ የጤፍ ጭድና የቡና ገለባ በቤተ ሙከራ ተፈትነዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ክሮሚየም ብቻ የተበጠበጠበት ንጹሕ ውኃና ጨው፣ ስብ፣ ፀጉር የሞላው ፍሳሽ ለየቅል ናቸው።

ተረት፦ ማጣሪያ ከያዘው መርዙ ጠፋ።

እውነታ፦ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እንክብሉም ይሞላል፤ ሲሞላ የውኃው መልክም ጣዕሙም አይቀየርም። ያኔ በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሠራል፣ አርሴኒኩም ወደ እጣቢው ይወርዳል። እጣቢው ቦይ ውስጥ ከተደፋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል መንደሮች ከእጣቢው የሚቀረውን የዝገት ዝቃጭ አየር በሚያገኝ የአሸዋ ገንዳ ላይ ያስቀምጡታል፤ ኦክስጅን ያጣ ዝገት እየሟሟ የያዘውን አርሴኒክ ይለቃልና።